በጓዳ የበቀለ ማሽላ

በዚያ ዓመት በልጉ ጨርሶ ከዳ። ግንቦት ሲጋመስ የጨፋ ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር አመድ መስሎ፣ የቦርከና ወንዝም እንደ ክር ቀጥኖ፣ ከሚሴ ከተማ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ የቀረ ነገር ቢኖር የሰፈሩ መስጊድ በርና የዓፊያ ጓዳ ብቻ ነበር። የመስጊዱን በር አገር ያውቀዋል። ጓዳውን የሚያውቁት ግን ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ዓፊያ ራሷና ታናሽ እህቷ ሱዓድ።

ሱዓድ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመችው ቀለም አልገባ ብሏት ሳይሆን ምላሷ አስተማሪዎቹን አስቀድሞ ስለጨረሳቸው ነው ይባላል። ከጨፋ የመጣችው እህቷ ስታረግዝ እንድታግዛት ነው። የዓፊያ ባል ከማል ከባድ መኪና ይዞ ከጅቡቲ መንገድ አይወርድም። ቤቱን የሚጠብቁት እናቱ እማማ ረቢአ ናቸው፤ እሳቸውም ከደጃፋቸው መደብ ላይ ሆነው የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩለታል።

አምና ዓፊያ በሰባተኛ ወሯ ፅንስ ጨንግፎባታል። ዘንድሮ ስድስተኛ ወሯን ስትይዝ ሆዷን ከሰው ዓይን ትሸሽግ ጀመር። ሰፊ ጅልባብ ለብሳ፣ ጎረቤት «አካም ጂርታ፣ ዓፊያ?» ሲላት «ፈያ፣ አልሀምዱሊላህ» ብላ ከበሩ ወደ ውስጥ ትመለሳለች። እነሱ ዘንድ ልጅ የጠፋባት ሴት ሁለተኛውን እስክትታቀፍ ድረስ ምን እንደምትበላ እንኳ ለሰው አትናገርም። ዓይን እኮ ሰው ላይ ብቻ አያርፍም፤ ሳህን ላይም ያርፋል።

ጤና ጣቢያ «ደምሽ አንሷል» ብለው እንክብል ሰጥተዋት ነበር። የዛገ ሚስማር ይሸተኛል ብላ ጠላችው። አረንጓዴ ቅጠል ብዪ አሏት፤ ጎመኑ በድርቁ ከገበያ ጠፋ። እንዲህ ሆና ሳለ ነው ስልኳ ላይ አንዲት ጥርሷ የነጣ ሴትዮ የመጣችው። ሴትዮዋ ትሪ ላይ ዘር በትና፣ በሰባት ቀን ጣት የሚያህል ቡቃያ አጭዳ፣ በጥሬው ስትበላ ታሳያለች። «ማይክሮግሪን» ትለዋለች። ማንኛውም ዘር ይሆናል፣ ደም ይሞላል፣ እንክብል ቀረ፣ ትላለች። የትኛው ዘር እንደማይሆን ግን አንድም ቃል አልተነፈሰች።

«ፍየል ዕድሜዋን ሙሉ ቅጠል ስትበላ ነው የኖረችው፤ አንድ ቀን ስለ ጤናዋ ስታወራ አልሰማሁም» አለች ሱዓድ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ትሪውን አምጪ።»

ቤት ውስጥ የነበረው ዘር አንድ ብቻ ነው፤ አባታቸው አባ ኑርሁሴን ከጨፋ ለእንጀራ የላኩት ቀይ ማሽላ። ዓፊያ አላመነታችም። ለብቅል እህል ይበቅል የለ? ያው ነው አለች። ፍሬውን ዘፍዝፋ አሳደረችና በሁለት ትሪ፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ በትና፣ ሌላ ጨርቅ አልብሳ፣ መዳፍ የምታህል መስኮት ብቻ ካላት የኋላ ጓዳ አስገባችው። ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። እማማ ረቢአም፣ ከማልም፣ አባቷም እንዳይሰሙ ሱዓድን በቁርአን አስማለቻት።

ከዚያ በኋላ ጓዳው ሌላ ቤት ሆነ።

በሁለተኛው ቀን ሱዓድ ጨርቁን ስትገልጥ ፍሬው ሁሉ አፉን ከፍቶ ነጭ ምላስ አውጥቷል። በሦስተኛው ቀን ሥሩ ላይ እንደ አሮጊት አገጭ ስስ ነጭ ጠጉር አቆጠቆጠ። «ሻግቷል፣ እንድፋው» አለች። «አልሻገተም፣ ሥሩ ነው» አለች ዓፊያ። በአራተኛው ቀን ሲገቡ ጨርቁ ከትሪው ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ተነሥቶ ቆሟል፤ ከሥሩ የተኛ ሰው ቀስ ብሎ ቀና እንዳለ። ሁለቱም ለመግለጥ እጃቸውን አልዘረጉም። በመጨረሻ ሱዓድ ናት በመጥረጊያ እጀታ ያነሣችው። ከሥሩ ያለው ነጭ ነበር፤ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ነጭ፣ ሁሉም አንድ ላይ የቆመ።

ብርሃን ሲያይ በአንድ ቀን አረንጓዴ ለበሰ። ወደ መስኮቷም ሰገደ። ሱዓድ ለማሾፍ ብላ ትሪውን ወደ በሩ አዞረችው። ጠዋት ስትገባ ቡቃያው አንድ በአንድ አንገቱን መልሶ ወደ መስኮቷ አጎንብሷል።

«እቴ፣ ይኼ ነገር አንገት አለው» አለች።

«ብርሃን ፈልጎ ነው።»

«እኔም ብርሃን እፈልጋለሁ፤ አንገቴን እንዲህ አላጣምምም።»

ደግሞ ጠዋት ጠዋት፣ ማንም ሳያጠጣው፣ በእያንዳንዱ ቅጠል ጫፍ ላይ አንዳንድ ጠብታ ውኃ ተንጠልጥሎ ይገኛል። አንዱም አይወድቅም። ሱዓድ «ያለቅሳል» ስትል ዓፊያ «ዚክር ያደርጋል» አለቻት። አስደሳች ነገር የተናገረች መስሏት ነው፤ ሱዓድ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባዋን ለቡቃያው ሰጥታ አትወጣም ነበር። ወደ ኋላዋ እየሄደች ነው ከጓዳው የምትወጣው። ዓፊያ በተቃራኒው ከሰዓት በኋላ ሁሉ እዚያ ተቀምጣ ትውል ጀመር። በሩ ላይ ጆሮ የደገነ ሰው ሹክሹክታዋን ይሰማል። «አንተን እበላለሁ፣ እሱ ይድናል» ትላለች። ማንን እንደምታናግር ሱዓድ አልጠየቀችም፤ ጠይቃ የማታውቀው ይህንን ብቻ ነው።

በሰባተኛው ቀን ዓፊያ ከአንዱ ትሪ ጥግ አንድ እፍኝ አጨደች፤ ሎሚ ጨመቀችበትና በላችው። ምሬቱ የኮክ ፍሬ ሰብሮ ውስጡን እንደ መቅመስ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሷን አመማት፤ ልቧ ደረቷን ይደበድባል።

«ደሙ እየሞላ ነው» አለች ዓይኗን ጨፍና።

«እንዲህ እየደበደበ ነው እንዴ የሚሞላው?»

«ዝም በይ፣ ሱዓድ። የቀረው ትንሽ ይደግና አንድ ጎድጓዳ ሳህን እበላለሁ። ውኃ ማጠጣት ያንቺ ሥራ ነው።»

ሱዓድ ሥራውን እንዴት እንደሠራችው ልንገራችሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ቁልፉን ተቀብላ፣ ጆጉን ይዛ እስከ ጓዳው በር ትሄድና ውኃውን ደጃፉ ላይ ደፍታ ትመለሳለች። «አጠጣሁ» ትላለች። ምድሪቱ መጠጣቷን አልዋሸችም። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ እንደምንም ደፍራ ስትገባ ግን ቡቃያው በሁለቱም ትሪ ጠውልጎ፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተኝቷል፤ እንደ ተበጠረ የሬሳ ፀጉር። ቶሎ ብላ አርከፈከፈችበት። የአንዱ ትሪ ከአፍታ በኋላ ቀና ቀና አለ። ከመስኮቷ ሥር ያለው ግን አልሰማትም።

እዚህ ላይ ነው ብልጠቷ የመጣባት። የተኛውን ከነሥሩ መንግላ በጅልባቧ ሸፍና ወጣች። ለዓፊያ «አይጥ በላው» ልትላት ነው፤ አይጥ መቼም ተጠርቶ አይመሰክርም። ግቢው ጥግ የእማማ ረቢአ ጥቁር ወጠጤ ታስሯል። ከባቲ ገበያ ራሳቸው መርጠው ያመጡት ነው፤ ልጁ ተወልዶ ሰባተኛ ቀኑን ሲይዝ ለአቂቃ የሚታረድ፣ በልጁ ስም የተያዘ። በዚያ ድርቅ ካርቶን ሲያኝክ የከረመ እንስሳ ለምለም ነገር ሲያይ አልተግደረደረም። ሱዓድ የመጨረሻውን ሥር ሲውጥ አይታ ጀሪካኗን አንሥታ ቦኖ ወረደች።

ስትመለስ ቀትር ሆኗል። ፀሐይ አናት ላይ ቆማለች፤ ግቢው ውስጥ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ወጠጤው አራት እግሩን አንፈራጦ ቆሞ፣ አፉን ከፍቶ፣ ከባቲ እስከ ከሚሴ የሮጠ ያህል ያለከልካል። የሚያየው እሷን ነው። አልጮኸም። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፣ ተንበረከከ፣ በጎኑ ወደቀ፣ ሁለቴ ተራገጠና አበቃ። ዝንቡ እንኳ ገና ወሬውን አልሰማም ነበር።

እማማ ረቢአ ከመደባቸው ተነሥተው መጡ። ሆዱን ዳሰሱ፤ አልተነፋም። አንገቱን አዩ፤ ገመድ አላነቀውም።

«ያ ረቢ። በቀትር፣ ያለ በሽታ» አሉ በዝግታ። «የልጁን ወጠጤ።»

አንገታቸውን አዙረው ወደ ዓፊያ ሆድ አዩ። ዓፊያ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ያ እይታ ምን እንዳለ ሦስቱም ገብቷቸዋል፦ የልጁን ነገር አስቀድሞ የወሰደ፣ ለልጁም ይመለሳል። ዓፊያ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨብጣ ወደ ውስጥ ገባች።

ሱዓድ ጀሪካኑን እንደተሸከመች ቀረች። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የመጣላት ግን «የልጁን ወጠጤ የገደለች» ተብላ እስክታረጅ መጠራቷ ነው። ደግሞስ ቅጠል ይገድላል እንዴ? ራሷን እንዲህ እያባበለች ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። አባ ኑርሁሴን ነበሩ። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከጨፋ በሚኒባስ መምጣታቸው ነው፤ አቧራው ጺማቸውን ሳይቀር አልብሷቸዋል።

ሰላምታውን ከአፋቸው ሳይጨርሱ ወጠጤውን አዩት። ዕድሜያቸውን ከከብት ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። በትራቸውን አስቀምጠው ተንበረከኩ፤ የላይኛውን ከንፈር ገለጥ አደረጉ። ድዱ እንደ ተላጠ ቀይ ሥር ቀልቷል። ጎንበስ ብለው አፉን አሸተቱ።

«ማሽላ ውስጥ ማን አስገባው?» አሉ።

እማማ ረቢአ ሳቅ ቃጣቸው። «አባ ኑርሁሴን፣ አንቱ ደግሞ። በግንቦት፣ በዚህ ድርቅ፣ ከሚሴ መሃል ማሽላ የት አለ?»

«እኔንስ የገረመኝ እሱ አይደል? አገሩ ሁሉ ደረቅ ነው። ግን ይኼ የለጋ ማሽላ ሥራ ነው፤ ከብቶቼን የፈጀ ነገር አይጠፋኝም። ተጠምቶ ከርሞ መልሶ ያቆጠቆጠ ከሆነማ ውኃ ሳያስጠጣ ነው የሚጥለው። እኛ ከብቶቹን በቡቃያ መሃል ስናሳልፍ አፋቸውን በገመድ አስረን ነው። ከሰው ወገብ ካላለፈ አንደፍረውም።» ግቢውን ዞረው አዩ፤ አቧራ ብቻ። «ከየት መጣ? ከየትስ በላው?»

የሱዓድ ጀሪካን ከእጇ ወረደ። «አባ» አለች፣ «ሰው ቢበላውስ?»

«ሰው ፍየል ነው?» አሉ እማማ ረቢአ።

አባ ኑርሁሴን ግን አልሳቁም። ልጃቸውን ትክ ብለው አዩአት። «ሰውም ከወጠጤ አይጠነክር፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ምን አየሽ?»

ውስጥ፣ ከጓዳው በኩል፣ ቢላ በትሪ ላይ ሲፋጭ ተሰማ።

ሱዓድ ሮጠች። በሩ ተቀርቅሯል፤ በትከሻዋ ሁለቴ መታችውና ገባች። ዓፊያ መሬት ተቀምጣ ሳህን አቅፋለች። ግማሹ አልቋል። ታኝካለች፤ ዓይኗ ግን ከመስኮቷ አይነቀልም፣ ልክ እንደ ቡቃያው።

«አትንኪኝ» አለች አፏ እንደሞላ። «ሊወስዱት መጥተዋል። ሳይደርሱበት ላጠንክረው።»

«ማንም አልመጣም። ወጠጤውን የገደልኩት እኔ ነኝ። ይህንን አብልቼው ነው።»

ዓፊያ ማኘኳን አላቆመችም። «ትዋሺያለሽ።»

«መዋሸትስ እዋሻለሁ። ውኃ አጠጣሁ ያልኩሽ ነበር ውሸቱ። ሲጠወልግብኝ ከነሥሩ ነቅዬ ሰጠሁት፤ ጀሪካን ሞልቼ እስክመለስ አልጠበቀኝም። አባ ውጪ ናቸው፤ አሽትተው ማሽላ ነው አሉ። ትፊው፣ እቴ። ስላንቺ አይደለም፣ ስለሱ ብለሽ ትፊው።»

ዓፊያ ሆዷን ዳሰሰች። ከዚያ በመዳፏ ላይ ተፋችው። ልትነሣ ስትሞክር ጉልበቷ ከዳት፤ ትንፋሿም እንደዚያ ሆነ፣ እንደ ወጠጤው፣ አጭርና ፈጣን። ሱዓድ ያንን ድምፅ በአንድ ቀን ሁለቴ መስማቷ ነው።

አባትየው ልጃቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው አወጧት። ባጃጅ የተገኘው ከመስጊዱ በር ነው። እማማ ረቢአ ሳህኑን ከነቅጠሉ በነጠላቸው ጠቅልለው ያዙ፤ ሐኪም ይየው ብለው። ሱዓድ እህቷ እንዳትተኛ መንገዱን ሙሉ ስትሰድባት ሄደች። ስለ ወጧ ጨው፣ ስለ ኩርፊያዋ፣ ጅልባቡን ከለበሰች ወዲህ ድንኳን ስለመምሰሏ። ዓፊያ አንዴ ብቻ «ቆይ፣ ስነሣ አገኝሻለሁ» አለች። ከዚያ አስታወከች።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሲስተር ማንአልሞሽ የምትባለው አዋላጅ ቅጠሉን አይታ ብዙ አልጠየቀችም። ሐኪሙን አስጠራች፤ ኦክስጅን አፏ ላይ አደረጉላት፣ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ሰቀሉ። የዓፊያ ፊት ቀልቶ ነበር፤ ደም የጎደላት ሴት አትመስልም። ያ ቅላት ከሁሉ ይልቅ ሱዓድን አስፈራት፤ የድዱን ቅላት አይታለችና።

«ከበላችው ስንት ሰዓት ሆነው?» አለች ሲስተር።

«ግማሽ ሰዓት ቢሆነው ነው» አለች ሱዓድ። «ብቅልም እኮ ማሽላ ይሆናል፣ ሲስተር። ያው መስሏት ነው።»

«ብቅል ይደርቃል፣ ቡቃያው ታሽቶ ይወድቃል፣ ከዚያ እሳት ያየዋል። የማሽላ ለጋ ቅጠል ግን መርዝ ነው፤ በጥሬውም በምኑም ለሰው አይሆንም። ሌላው ቡቃያም ቢሆን ለነፍሰ ጡር በጥሬው አይሰጥም። በእርጥብ ጨርቅና በሙቀት የሚያድገው ዘሩ ብቻ ይመስልሻል? ዓይን የማያየው ተባይ አብሮት ያድጋል። አጥቦ፣ አብስሎ ነው። ለእርሻ ተብሎ መድኃኒት የተቀባ ዘር ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይነካም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እናትየው የምትረጋ ይመስለኛል። ስለ ፅንሱ ግን አሁን ምንም ልልሽ አልችልም፤ እሷ ትንፋሿ ይመለስ፣ ከዚያ እንሰማለን።»

መጠበቅ ሆነ። እማማ ረቢአ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ፤ ሱዓድን አያዩአትም። አባ ኑርሁሴን «ኮቱ፣ ነዪ» ብለው ሱዓድን አስነሡና ወደ ቤት ወሰዷት። የጓዳው በር ተከፍቶ ነው የቀረው፤ የጎረቤት ዶሮ ቢገባ፣ ልጅ ቢገባ፣ አይታወቅም።

የዓስር ሶላት ሊደርስ ነው። ጓዳው ውስጥ ያ ጣፋጭ የእርጥብ ሽታ አለ። አባ ኑርሁሴን ትሪውን ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ። «ለእንጀራ የላክሁት» አሉ። ሱዓድ ጎንበስ አለች። እህቷ ከጥቂት ሰዓት በፊት በቢላ ያጨደችው ጉቶ ሁሉ፣ ከመሃሉ ጥፍር የሚያህል አዲስ አረንጓዴ ገፍቶ ወጥቷል። እነሱ ባጃጅ ሲጋልቡ፣ ዓፊያ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ይኼ እዚህ በዝምታ ሥራውን ይሠራ ነበር።

«የተቆረጠው ይብሳል» አሉ አባቷ። «ከነሥሩ ንቀዪው። አንዱንም እንዳታስቀሪ።»

ነቀለች። ሥሩ ጨርቁን ሰንጥቆ ስለገባ ከጨርቁ ጋር እየተቀደደ ነው የወጣው። አባቷ ግቢው ጥግ ጉድጓድ ቆፍረው ቡቃያውን ጨመሩ፤ ወጠጤውንም ሥጋው እንዳይነካ ከላዩ ከነቆዳው ቀበሩት፤ አፈር መለሱበት፣ ድንጋይ ጫኑበት። ሱዓድ እጇን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። ሽታው ግን አልለቀቀም፤ ወይም የለቀቀ አልመሰላትም።

ጤና ጣቢያ ሲመለሱ ዓፊያ ዓይኗን ገልጣለች። ቅላቱ ቀንሷል፤ ትንፋሿም ረዝሟል። ሲስተር ማንአልሞሽ የልብ ምት የሚያሰማውን ትንሽ መሣሪያ ይዛ መጥታ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው።

መጀመሪያ የመጣው ሹሹታ ብቻ ነው፤ በደረቅ እርሻ ላይ ነፋስ እንደሚያልፍ። ሲስተር ወደ ቀኝ ወሰደችው። ሹሹታ። ወደ ግራ፣ ወደ ታች። አንድ ቀርፋፋ ምት ተሰማና ሱዓድ ቀና አለች። «እሱ የእናትየው ነው» አለች ሲስተር። የእማማ ረቢአ ሙስበሃ ጣታቸው መሃል ቆመ። ዓፊያ ሲስተርን አታይም፣ ሆዷንም አታይም። የምታየው የእህቷን ፊት ነው፤ ፍርዱን ከዚያ ልታነበው።

ሲስተር መሣሪያውን አነሣች፤ ቅባት ጨመረች፤ እንደገና አስቀመጠች፤ ጫን አደረገችው።

ከሩቅ፣ ከሹሹታው ሥር፣ አንድ ነገር መጣ። ትንሽ፣ ፈጣን፣ ያለ ማቋረጥ የሚያንኳኳ።

«ትንሽ ፈጥኗል» አለች ሲስተር። «ግን አለ። ሁለት ቀን እዚህ ትቆያለች፤ ጠዋትም ማታም እንሰማዋለን።» መሣሪያውን ልታነሣ ስትል ዓፊያ የእጅ አንጓዋን ያዘቻት።

«ይቆይ» አለች ከጭምብሉ ሥር።

«ሌሎችም እየጠበቁኝ ነው፣ እመቤት።»

«ትንሽ ብቻ ይቆይ።»

ሲስተር በር በሩን አየች፤ ከዚያ እጇን ሳታነሣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አባ ኑርሁሴን ቆባቸውን አወለቁ። ሱዓድ የማትታጠፍ ምላሷን አጥፋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ልጁ ብቻ፣ ገና ማንም ያላየው፣ ከዚያ ከጨለማው ውስጥ ያንኳኳ ነበር።